ጠራጊውን ማን ይፈትነዋል?

ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ የምታነቡ ከሆነ፣ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ስልካችሁ ውስጥ አንድ ጠራጊ ደጋግሞ ገብቶ ይወጣል። አታዩትም፣ አትሰሙትም። ሥራው ፕሮግራሙ ተጠቅሞበት የጣለውን የሜሞሪ ቦታ ለይቶ ማጽዳት ነው። በባለሙያዎቹ ቋንቋ ጋርቤጅ ኮሌክተር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ጠራጊ እያልን እንቀጥል።

«ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ደመወዛችን፣ መታወቂያችን፣ የእርሻ መሬታችን ካርታ ሳይቀር ወደ ሲስተም እየገባ ነው። የሲስተም ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው የፍተሻ ታሪክ ነው፤ ማን ፈተሸ፣ መቼ ፈተሸ፣ ምን ሳይፈትሽ ቀረ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ አስተማሪው የጠራጊው ነው። ምክንያቱም ጠራጊው ዳኛ ነው። የቱ ዕቃ እንደሚኖር፣ የቱ እንደሚጠፋ የሚፈርደው እርሱ ነው። (ስለ ውጭው ዓለም ስናወራ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

የርስት ቆጠራ

የጠራጊውን አሠራር ለመረዳት የፈረንጅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከወንዛዬ እስከ ጋይንት ያለ የደቡብ ጎንደር ገበሬ አያቱን ቢጠይቅ ይበቃዋል።

በጎንደርና በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነበር። መጀመሪያ መሬቱን ያቀና አቅኚ አባት አለ። ጠያቂው በእናቱም ይሁን በአባቱ በኩል ስም እየጠራ፣ ሽማግሌ እያስመሰከረ እስከዚያ አቅኚ አባት ድረስ ከደረሰ መብት አለው። ካልደረሰ የለውም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ሩቅ አገር ቢኖር፣ መሬቱን አርሶት ባያውቅም፣ ሰንሰለቱ እስካልተበጠሰ ድረስ ጥያቄው አይሞትም። ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። አመክንዮው ግን በሌላ ዓለም፣ በሌላ ሰዎች እጅ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ይሠራል።

የሊስፕ ቋንቋ አባት የሆነው ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ዘዴ ይህንኑ ይመስላል። ፕሮግራሙ በእጁ የያዛቸው ጥቂት መነሻዎች አሉ፤ አቅኚ አባቶቹ እነሱ ናቸው። ጠራጊው ከእነሱ ተነሥቶ «ይህ ማንን ያውቃል? ያስ ማንን ያውቃል?» እያለ ሰንሰለቱን ይከተላል፣ የደረሰበትን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ሲጨርስ ምልክት ያላገኘው ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው ተብሎ ይጠረጋል። ርስት የሚቆጠረው ከልጅ ወደ አባት ነው፣ ጠራጊው ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሰንሰለቱ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

በዚያው ዓመት ጆርጅ ኮሊንስ የተባለ ሰው ሌላ ዘዴ አቀረበ። እርሱ ያለው፣ ትውልድ ከምንቆጥር ገመድ እንቁጠር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስንት ገመድ እንደታሰረ ይመዝገብ፤ አንድ ሲፈታ ይቀነስ፤ ዜሮ ሲሆን ዕቃው ይጣል። ቀላልና ፈጣን ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጉድለቱ በጽሑፍ ተጠቆመ። ሁለት በቅሎዎች እርስ በርስ ታስረው ገበያ መሐል ቢቀሩ፣ ባለቤታቸው ትቷቸው ቢሄድም፣ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ገመድ አለ። ቆጣሪው «ባለቤት አላቸው» ይላል። ስለዚህ ለዘላለም ቦታ ይዘው ይኖራሉ። እርስ በርሳቸው ዋስ ሆነው ሦስተኛ ሰው የሌላቸውን ተበዳሪዎች ያየ ነገሩ ይገባዋል።

እንግዲህ ጠራጊ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊያጠፋ ይችላል። አንደኛው የሞተውን ሕያው ነው ብሎ መተው ነው። ቦታ ይባክናል፣ ሲስተሙ ቀስ በቀስ ይታነቃል። ሁለተኛው ሕያውን ሞቷል ብሎ መጥረግ ነው። ይህኛው የከፋ ነው፤ ቦታው ወዲያው ለሌላ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ባለቤት ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያገኛል። ፍተሻ ማለት እነዚህን ሁለት ጥፋቶች መፈለግ ነው።

ልምምዱ ላይ ያልመጣው እንግዳ

የመጀመሪያው ታላቅ ትምህርት የመጣው በሳቅ ነው። ማካርቲ ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ሊስፕን በቀጥታ ለታዳሚ ለማሳየት በኤም አይ ቲ አንድ ዝግጅት ነበር። ታዳሚዎቹ የኢንዱስትሪ ሰዎች ናቸው። አይ ቢ ኤም 704 የተባለው ኮምፒውተር ሌላ ክፍል ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነው በቴሌቪዥን ይታያል። ነገሩ ቀስ እያለ ቢሆንም በደኅና እየሄደ ሳለ፣ መጻፊያው በሰከንድ 10 ፊደል እያንኳኳ ማንም ያልጠበቀውን ነገር መጻፍ ጀመረ። ጠራጊው መጠራቱን አበሠረ፤ ቀጥሎም ስንት ቃል ምልክት እንደተደረገ፣ ስንት እንደተሰበሰበ የሚዘረዝር ገጽ ሙሉ ቁጥር ማተም ያዘ። ለታዳሚው ስለ ጠራጊ የተባለ ነገር አልነበረም። የተመደበው ጊዜ በዚሁ አለቀ። አቅራቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ከታዳሚው አንዳንዱ ሰው የቀለደባቸው ሳይመስለው አልቀረም።

ቀልዱን ትተን ምክንያቱን እንይ። ቀደም ብለው ልምምድ አድርገው ነበር። በልምምዱ ጊዜ ጠራጊው አልተጠራም፤ ሜሞሪው ገና አልሞላምና። ከልምምዱ በኋላ ደግሞ ሜሞሪውን አጽድተው እንደ አዲስ አልጀመሩም። ስለዚህ ዋናው ቀን ላይ ሞላ። ልምምዱ ያሳየው ጠራጊ የማያስፈልግበትን ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ስድሳ ዓመት አለፈ። ስንቱ ሲስተም ነው ዛሬም ባዶ ሜሞሪ ላይ፣ አሥር ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ለሁለት ሰዓት ታይቶ ተጨብጭቦለት ሥራ የሚጀምረው?

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ

እ.ኤ.አ. በ1992 የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት መኪና የሚያሰማራበትን ሥራ ወደ ኮምፒውተር አዛወረ። ሲስተሙ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ከባድ ቀውስ አስከተለ። ከዚያ ኅዳር 4 ቀን ጨርሶ ቆመ፤ ሠራተኞቹም ወደ ወረቀት ተመለሱ። የምርመራ ቡድኑ ለዚያ ቀን መቆም ያገኘው ምክንያት ጥቃቅን ነበር። አንድ ፕሮግራመር ሳያስብ የተወው ትንሽ ኮድ፣ አንድ መኪና በተሰማራ ቁጥር ጥቂት ሜሞሪ ይዞ አይለቅም። አንድ ቀን ቢፈተሽ አይታወቅም። ሁለት ቀን ቢፈተሽም አይታወቅም። ሦስት ሳምንት ሲጠራቀም ግን ሜሞሪው አለቀ፣ ሲስተሙም ቆመ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ትምህርት አለ። የማጠራቀም ጥፋት በአጭር ፍተሻ አይገኝም። ጊዜ ራሱ የፍተሻው አካል መሆን አለበት። ሦስት ሳምንት የሚፈልገውን ጥፋት በሦስት ሰዓት እናገኘዋለን ማለት፣ ማሳውን በሐምሌ አይቶ ምርቱን እንደመገመት ነው።

ድግሱ ሳያበቃ መጥረግ

የቀድሞዎቹ ጠራጊዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ፕሮግራሙን አቁመው ነበር። የሰርግ ዳስ ለመጥረግ ታዳሚውን ሁሉ ወደ ውጭ እንደማስወጣት ነው። ለጥናት ቤት ይሆናል። ለባንክ፣ ለስልክ፣ ለሆስፒታል ግን አይሆንም። ስለዚህ እንግዳው እየበላ፣ እየጨፈረ ሳለ መጥረግ የሚችል ጠራጊ ተፈለገ።

ኤድስገር ዳይክስትራ፣ ሌስሊ ላምፖርትና ሦስት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጽሑፍ በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ነው። እነዚህ ሰዎች በዘመኑ ከነበሩት የኮምፒውተር ሊቃውንት ሁሉ የላቀ ጥንቃቄ ያላቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ቅጂ ግን ስሕተት ነበረበት። ፕሮግራሙ አንድን ገመድ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ሲያዛውር ሁለት ትናንሽ እርምጃዎች አሉ፤ የእነዚህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ፣ በአንዲት ቅጽበት ጠራጊው በመሐል ከገባ፣ ሕያው ዕቃ ይጠረጋል። ሳህኑን ለአፍታ አስቀምጦ ውሃ ሊጠጣ የዞረን እንግዳ ምግቡን እንደማንሳት ነው። ስሕተቱን የጠቆሙት ሌሎች አንባቢዎች ነበሩ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ትሕትናን ነው። ዳይክስትራ ፍተሻ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም በሚል አቋሙ የታወቀ ነው። እንዲህ የሚለው ሰው ራሱ በማስረጃ ደግፎ ያቀረበው ሥራ በሌላ ሰው ዓይን ታርሟል። የሠራው ሰው ብቻውን የፈተሸው ነገር አልተፈተሸም።

ማስጨነቅ፣ መርዝ፣ ሁለተኛ ዳኛ

ታዲያ የዛሬ መሐንዲሶች ጠራጊን እንዴት ይፈትናሉ? ዘዴዎቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል።

አንደኛው ማስጨነቅ ነው። በመደበኛው ቀን ጠራጊው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ስሕተቱ ያለው እርሱ በመጣበት ቅጽበት ከሆነ ሺህ ጊዜ ሮጠን አንዴም ላናገኘው እንችላለን። ስለዚህ በፍተሻ ጊዜ አዲስ ዕቃ በተፈጠረ ቁጥር ጠራጊው እንዲመጣ ይገደዳል። በሩቢ ቋንቋ ይህን የሚያበራ «ጂሲ ስትረስ» የሚባል ቅንብር አለ። ፋየርፎክስን የሚሠሩት የሞዚላ ሰዎች «ጂሲ ዚል» ይሉታል። በማይክሮሶፍት ዶትኔትም እንዲሁ አለ። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ እንደ ኤሊ ይጎተታል፤ በዓመት አንዴ የሚከሰተው ጥፋት ግን በአንድ ከሰዓት ይወጣል።

ሁለተኛው መርዝ ነው። የተጠረገ ቦታ እንዳለ ከተተወ፣ በስሕተት የተመለሰው ባለቤት የድሮ ዕቃውን ስለሚያገኝ ነገሩ ተሸፍኖ ያልፋል። ስለዚህ በፍተሻ ጊዜ የተጠረገው ቦታ ሁሉ በሚታወቅ የውሸት ቁጥር ይሞላል። ያንን ቦታ የነካ ወዲያው ይወድቃል፣ ጥፋቱም በተሠራበት ሰዓትና ቦታ ይያዛል። በጎ ቋንቋ ውስጥ ይህንን የሚያደርግ ቅንብር አለ።

ሦስተኛው ሁለተኛ ዳኛ ነው። እዚያው ጎ ውስጥ፣ ፈጣኑ ጠራጊ ፕሮግራሙ እየሮጠ ምልክቱን አድርጎ ሲጨርስ፣ ሁሉም ነገር እንዲቆም ተደርጎ ቀርፋፋ ነገር ግን አስተማማኝ የሆነ ቆጠራ እንደገና ይካሄዳል። ሁለተኛው የደረሰበትን የመጀመሪያው ዘልሎት ከሆነ ፕሮግራሙ ጮሆ ይቆማል። ይህ በሥራ ላይ ሳይሆን በፍተሻ ጊዜ የሚበራ ነው።

ደግሞም ጠራጊ ምንም ሳያጠፋ ሊከሰስ ይችላል። የዲስኮርድ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስረዱት፣ ከአገልግሎቶቻቸው አንዱ በየሁለት ደቂቃው ይዘገይ ነበር። ጠራጊው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሚጠረግ ነገር ባይኖርም ያን ሁሉ ሜሞሪ እየዞረ ይቃኛል። መጨረሻ ላይ አገልግሎቱን ጠራጊ በሌለው ረስት በተባለ ቋንቋ እንደገና ጻፉት። «ሠራ ወይስ አልሠራም?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰው አስጠበቀ?» ብሎ መጠየቅም ፍተሻ ነው።

ጋፋት ያውቀው ነበር

የማስጨነቅ ፍተሻ የኮምፒውተር ሰዎች ፈጠራ አይምሰላችሁ። በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1813 በሕግ የተቋቋመ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት አለ። አፈሙዙ ከሚሸከመው በላይ ባሩድ ተጨምሮበት ይተኮሳል። የሚፈነዳ ከሆነ እዚያው ይፈንዳ፣ በወታደር እጅ አይፈንዳ ነው ነገሩ።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የውጭ አገር ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው መድፍ ሲያቀልጡ፣ መጀመሪያ ላይ አልተሳካላቸውም። ደግመው ሞከሩ። ውጤቱ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሆነ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን ለቀው ሴባስቶፖልን በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወራት ፈጅቶባቸው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ዕለት ግን ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ያ መድፍ ባይፈነዳ ኖሮ ታሪክ ይለወጥ ነበር ማለቴ አይደለም። የናፒየር ጦር በመሣሪያ እጅግ የላቀ ነበር። ነገር ግን ጋፋት የተማረችው ነገር አለ፤ ማቅለጡ ሲከሽፍ ደግሞ መሞከር ይቻላል፣ እሳቱ ይነድዳል፣ ምድጃው ይሠራል። ጦር ሜዳ ላይ ሲከሽፍ ግን መድገም የለም። የመፈተሻው ቦታ ምድጃው አጠገብ ነው።

የእኛ ሌሊት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለጥቂት ሰዓታት ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም ተናገረ። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ።

የጠራጊ ጥፋት ነበር እያልኩ አይደለም። ጉዳዩ የሒሳብ ቁጥጥር ነው። ነገር ግን የተማርነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። ማሻሻያው የሚፈተሸው ሕዝብ ከመጠቀሙ በፊት መሆን አለበት። የሚፈተሸው ደግሞ በዝግታ ሰዓት ሳይሆን በተጨናነቀ ሰዓት ልክ ነው። «ይህ ሰው ያለው ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከፈጣኑ መልስ በተጨማሪ ቀርፋፋ ሁለተኛ ዳኛ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከ60 ዓመት ጀምሮ የሚታወቅ ዕውቀት ነው፤ ዶላር አያስወጣም፣ ትዕግሥት ግን ያስፈልገዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ገንዘብ ቢወሰድ ይመለሳል፤ ተመልሷልም። የማይመለስ ነገር ሲመጣስ? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፋይዳ መታወቂያ ለአገልግሎት ሁሉ በር እየሆነ ነው። የገጠር መሬት መዝገብም ከወረቀት ደብተር ወደ ዲጂታል የመረጃ ሥርዓት እየተዛወረ ነው። እዚህ ላይ ወደ አቅኚው አባት እንመለሳለን። ትናንት አንድ ገበሬ መብቱን የሚያስመሰክረው በሽማግሌ ቃል ነበር። ሽማግሌው ቢሳሳት ሌላ ሽማግሌ ይጠራል። ነገ የሚመሰክርለት ሲስተሙ ብቻ ከሆነ፣ ከመነሻው እስከ እርሱ ያለው ሰንሰለት በአንድ የተሳሳተ ፊደል፣ በአንድ የጠፋ ገመድ ቢበጠስ፣ ሕያው ሰው «ባለቤት የለውም» ተብሎ ይጠረጋል። ማሳው ደግሞ ወዲያው ለሌላ ይመዘገባል። ይህ ከሁለቱ ጥፋቶች የከፋው ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የሚከተለውን ነው። የሕዝብ ገንዘብ፣ መታወቂያና መሬት የያዘ ሲስተም ሥራ ከመጀመሩም ሆነ ከመሻሻሉ በፊት፣ ከሚሸከመው በላይ ተጭኖ ይፈተሽ። ፍተሻው ሰዓታት ሳይሆን ሳምንታት ይውሰድ። የሠራው ድርጅት ያልሆነ ሌላ አካል ይፈትሸው። የፍተሻው ውጤት፣ ጉድለቱ ሳይቀር፣ ለሕዝብ ይነገር፤ የባለዕዳ ስም መለጠፍ የሚቻል ከሆነ የፍተሻ ሪፖርት መለጠፍም ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሲስተሙ «የለህም» ያለው ሰው ሄዶ የሚከራከርበት፣ ወረቀትና ሽማግሌ የሚቀርብበት ሁለተኛ ዳኛ ይኑር።

ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚመለሰው ቆጠራው ትክክል ከሆነ ነው።